ሞረድ፣ ባሌስትራ ወይስ መጋዝ? ለመጀመሪያ ቢላ የሚሆን ቁርጥራጭ ብረት አመራረጥ

ከአሮጌ ብረት ቢላ መሥራት የሚጀምር ሰው «የትኛው ብረት ይሻላል?» ብሎ ይጠይቃል። መቅደም ያለበት ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ብረትን ደማቅ ቀይ እስኪሆን የሚያግል እሳት አላችሁ? ግራይንደርስ አላችሁ? ብረቱን የሚወስነው የዚህ ጥያቄ መልስ ነው። በጣም ጥሩ የሚባለው ብረት የማትቆጣጠሩት እሳት ውስጥ ከገባ ይበላሻል፤ ተራ የሚባለው ደግሞ ካላችሁ መሣሪያ ጋር ከተስማማ ለዓመታት የሚያገለግል ቢላ ይወጣዋል።

በአጭሩ ለቸኮለ ሰው፦

- እሳትም ግራይንደርም ከሌላችሁ፦ አሮጌ የእንጨት መጋዝ።
- ግራይንደርና የወጥ ቤት ኦቨን ብቻ ካላችሁ፦ ያረጀ ሞረድ፣ ሳይለሰልስ።
- እሳት ኖሯችሁ ግራይንደር ከሌላችሁ፦ ያረጀ ሞረድ፣ ለስልሶ።
- እሳትም፣ ግራይንደርም፣ መዶሻና መቀጥቀጫም (የጋለ ብረት ተጋድሞ የሚመታበት ከባድ ብረት) ካላችሁ፦ ባሌስትራ።

ከዚህ በታች ሦስት ቃላት ይደጋገማሉ። ማለስለስ ብረቱን አግሎ እጅግ በዝግታ ማቀዝቀዝ ነው፤ ከዚያ በኋላ በእጅ ይሞረዳል፣ ይበሳል። ማጠንከር አግሎ በፍጥነት ዘይት ውስጥ መንከር ነው፤ የሚወጣው ብረት ጠንካራ ቢሆንም እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ማለዘብ ደግሞ የጠነከረውን ብረት በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ለሰዓታት አሙቆ ተሰባሪነቱን መቀነስ ነው፤ ጥንካሬው ጥቂት ይቀንሳል፣ ስለቱ ግን መሸራረፉን ይተዋል።

መጀመሪያ ብረቱን ፈትኑት

ቁርጥራጭ ብረት ላይ ስሙ አልተጻፈም። ለስለት የሚሆን ብረት ቢያንስ ወደ 0.6 በመቶ ካርቦን ይፈልጋል። ፌሮ፣ ምስማር፣ የማዕዘን ብረትና ተራ ቡሎን ከዚህ በጣም ያነሰ ስላላቸው የቱንም ያህል ብታግሏቸው ስለት አይይዙም። ጊዜያችሁን አታባክኑባቸው።

ፈጣኑ ፈተና የእሳት ብልጭታ ነው። ብረቱን ግራይንደር ላይ ለሰከንድ አስነኩና ከጀርባ ጨለማ ባለበት ቦታ ተመልከቱ። ካርቦኑ ከፍተኛ የሆነ ብረት ብልጭታው ቅርብ ላይ ይፈነዳል፣ እንደ ጥድ ቅጠል ብዙ ቅርንጫፍ ያወጣል። ለስላሳ ብረት ረጅም፣ ቀጥ ያለና ፍንዳታው ጥቂት የሆነ ጨረር ይሰጣል። ጨረሩ ጠቆር ያለ ቀይና ፍንዳታ የለሽ ከሆነ በእጃችሁ ያለው መቁረጫዎች የሚሠሩበት ሀይ ስፒድ ስቲል ሳይሆን አይቀርም።

አስተማማኙ ፈተና ግን መስበር ነው። የጣት ያህል ቁራጭ ቆርጣችሁ ማግኔት እስከማይዘው ድረስ አግሉና ዘይት ውስጥ ንከሩት። ሲቀዘቅዝ ሞርሳ ላይ አስራችሁ በወፍራም ጨርቅ ሸፍናችሁ በመዶሻ ምቱት። ጎብጦ ከቀረ ለስለት አይሆንም። ከተሰበረና ስብራቱ እንደ ደቃቅ አመድ ግራጫ ከሆነ ጥሩ ብረት አግኝታችኋል። ስብራቱ እንደ ስኳር የሚያብረቀርቅ ሸካራ ፍሬ ካሳየ ብረቱ ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ እሳቱ ግን በዝቶበታል። ይህ ፈተና የራሳችሁን እሳትም ስለሚፈትን ባትዘሉት እንመክራለን።

ያረጀ ሞረድ፦ ለአብዛኛው ጀማሪ የመጀመሪያው ምርጫ

ጥሩ ሞረድ ወደ 1 በመቶና ከዚያ በላይ ካርቦን አለው። ውፍረቱም ለቢላ የተመጠነ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር ነው፣ ቀጥም ነው። ስለዚህ ቀጥቅጦ ማሳሳትም ማቅናትም አያስፈልግም። ጭራው ደግሞ በፋብሪካው ለስላሳ ሆኖ የተተወ በመሆኑ እጀታ ውስጥ ለመክተት የተዘጋጀ ያህል ነው።

አንድ ወጥመድ አለ። አንዳንድ ርካሽ ሞረዶች ላያቸው ብቻ የጠነከረ፣ ውስጣቸው ግን ለስላሳ ብረት ነው። ጥርሱን ፈግፍጋችሁ ስታጠፉት ጥሩው ክፍል አብሮ ይሄዳል። ለማወቅ የሞረዱን ጫፍ 2 ሴንቲሜትር ያህል ሞርሳ ላይ አስራችሁ ስበሩት፣ መነጽር ሳታደርጉ ግን አትሞክሩት። ስብራቱ ዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ደቃቅ ግራጫ ከሆነ ይሆናችኋል። ዳሩ ላይ የተለየ ቀለበት መሳይ መስመር ከታየ ተዉት።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል።

ያለ እሳት፦ ሞረዱን ከዘይትና ከቆሻሻ በደንብ አጽዱት፤ ካልጸዳ ኦቨኑን በጭስ ይሞላዋል። አንዱን ጎን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈግፍጉት። ከ200 እስከ 220 ዲግሪ በሞቀ ኦቨን ውስጥ ለ2 ሰዓት ተዉት፣ አውጥታችሁ አቀዝቅዙት፣ ደግሞ ለ2 ሰዓት መልሱት። የበራው ጎን የገለባ ቀለም ይይዛል። የኦቨን መቆጣጠሪያ ብዙ ጊዜ በ15 ወይም በ20 ዲግሪ ይሳሳታል፤ ሞረዱን ደረቅ አሸዋ ባለበት ትሪ ላይ ማስቀመጥ የሙቀቱን መዋዠቅ ይቀንሳል፣ የተለየ ቴርሞሜትር ካላችሁም አብራችሁ አስገቡ። ከዚያ ቅርጹን በግራይንደር ታወጣላችሁ። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፦ ብረቱ በባዶ እጅ ሊያዝ ከማይችልበት ሙቀት እንዳያልፍ። በየጥቂት ሰከንዱ ውኃ ውስጥ ንከሩት፣ በተለይ ስለቱ ሲሳሳ። ስለቱ ላይ ሰማያዊ ቀለም ከታየ እዚያ ቦታ ከ290 ዲግሪ በላይ ሞቋል፣ ለስልሷልም፤ ሰማያዊውን ጠርጎ ማጥፋት ቀለሙን እንጂ ጉዳቱን አያስወግድም። የለሰለሰውን ብረት ፈግፍጎ ማስወገድ ያስፈልጋል።

በዚህ መንገድ የሄደ ቢላ ላይ ተራ የትራፓኖ መርፌ ቀዳዳ አያወጣም። ስለዚህ ሁለት ጎን እንጨት ተለጥፎ በምስማር የሚያያዝ እጀታ ከማሰብ ይልቅ ለስላሳውን ጭራ እንጨት ውስጥ የሚከት እጀታ ምረጡ።

በእሳት፦ ሞረዱ ሙሉ በሙሉ ማግኔት እስከማይዘው ድረስ አግሉ። ማግኔት መያዝ የሚያቆመው 770 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዚያ ፍጹም ደረቅ በሆነ የእንጨት አመድ በሞላ ባልዲ ውስጥ ቅበሩና እስከ ማግስቱ አትንኩት። ትንሽ እርጥበት እንኳ ካለ ብረቱ በከፊል ይጠነክርና ሞረዳችሁ ላዩ ላይ ይንሸራተታል። በደንብ ከለሰለሰ ሁሉንም ነገር፣ ቀዳዳውንም ጭምር፣ በእጅ መሥራት ይቻላል። ጊዜ ይወስዳል፤ ነገር ግን ስህተት ሲፈጠር በቀስታ ስለሚፈጠር ታርሙታላችሁ። ለጀማሪ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

በሁለቱም መንገድ የሞረዱ ጥርስ ስለቱ አካባቢ ጨርሶ መጥፋት አለበት። የጥርሱ ቦይ ስንጥቅ የሚጀምርበት ቦታ ነው። ለጌጥ ብላችሁ መተው ከፈለጋችሁ ጀርባው አጠገብ ብቻ ተዉት፣ ስለቱ ጋ ግን አንድም እንዳይቀር።

ባሌስትራ፦ ጠንካራና ይቅር ባይ፣ ግን ብዙ ድካም

የመኪና ባሌስትራ ብዙውን ጊዜ ወደ 0.6 በመቶ ካርቦን ያለው፣ ክሮሚየም ወይም ሲሊኮን የተጨመረበት ብረት ነው። ከሞረድ ጋር ሲነጻጸር ስለቱ ቶሎ ይደነዝዛል፤ ነገር ግን ድብደባ ይችላል። ለትልቅ ቢላ፣ ለመቁረጫና ለመክተፊያ የሚመረጠው ለዚህ ነው። ዘይት ውስጥ ሲነከርም ከሞረድ የበለጠ ይቅር ይላል። የሞረድ ብረት ከእሳት ወጥቶ በአንድ ሰከንድ ገደማ ካልቀዘቀዘ አይጠነክርም፤ ባሌስትራ ግን ጥቂት ሰከንድ ይታገሳል።

ጉዳቱ ውፍረቱ ነው። ከ6 እስከ 12 ሚሊሜትር ሊሆን ይችላል፣ እናንተ የምትፈልጉት ደግሞ 3 ወይም 4 ነው። ግማሹን ብረት በግራይንደር አቧራ አድርጎ ማጥፋት ወይም ቀጥቅጦ ማሳሳት የግድ ነው። የጎበጠ ስለሆነም አግሎ ማቅናት ያስፈልጋል። መቀጥቀጫ ከሌላችሁ ለመጀመሪያ ቢላ አንመክረውም፤ ብዙ ጀማሪዎች ሥራውን ትተው የሚሄዱት እዚህ ላይ ነው።

ሌላው ችግር ለዓመታት ሲታጠፍና ሲዘረጋ የኖረ ብረት ውስጥ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ መኖሩ ነው። ላዩን አጽዱ፣ በጋዝ ዘይት ነክራችሁ አሳድሩ፣ ጠዋት በደንብ ወልውላችሁ ጠመኔ ቀቡት። ስንጥቅ ካለ የገባበት ዘይት ወጥቶ ጠመኔው ላይ መስመር ይሠራል። መሃሉ ላይ ያለው የቡሎን ቀዳዳ አካባቢና ለሁለት የተሰበረ ባሌስትራ ስብራት አጠገብ ያለውን ክፍል አትጠቀሙበት። ባሌስትራም ሆነ ሞላ ከመኪና ላይ ራሳችሁ ለመፍታት አትሞክሩ። የተጨመቀ ሞላ ሲፈታ ሰው ይገድላል፤ የወለቀውን ብቻ ውሰዱ።

መጋዝ፦ ቀላሉ መንገድ

የእንጨት መጋዝ ባለሙያው በሞረድ እየሳለ የሚጠቀምበት መሣሪያ ነው። ይህ ማለት ብረቱ ለስለት የሚበቃ ጥንካሬ አለው፣ ሞረድም ይበላዋል ማለት ነው። በመሆኑም ማለስለስም፣ ማጠንከርም፣ ማለዘብም አያስፈልግም። ቅርጹን በማርከር ስላችሁ በብረት መጋዝ ቆርጣችሁ፣ በሞረድ አስተካክላችሁ፣ እጀታ ታደርጉለታላችሁ።

የሚወጣው ቢላ ቀጭን ነው፣ ወደ 1 ሚሊሜትር። አትክልት ለመላጥ፣ ፍራፍሬ ለመቁረጥና ዓሣ ለመግፈፍ ከባሌስትራ ቢላ ይልቅ ይህ ያስደስታል፤ ቀጭን ስለት ምግብን ይቆርጣል እንጂ አይሰነጥቅም። የሚጠብቃችሁ ነገር ቶሎ ቶሎ መሳል ነው። ለእንጨት ሥራ ወይም ለከባድ ነገር ግን ይጎብጣል። አዳዲስ መጋዞች የጥርሳቸው ጫፍ ጠቆር ብሎ በተለየ መንገድ የጠነከረ ነው፤ እዚያ ሞረድ አይሠራምና 1 ሴንቲሜትር ያህል ቆርጣችሁ ጣሉት።

ክብ መጋዝ ከሆነ ጥርሱን ተመልከቱ። ጥርሱ ከራሱ ከሳህኑ የተቆረጠ ከሆነ ጥሩ ብረት ሊሆን ስለሚችል ፈትኑት። ጫፉ ላይ ካርባይድ (ከብረት እጅግ የሚጠነክር የመቁረጫ ቁራጭ) የተበየደበት ከሆነ ግን ሳህኑ ብዙ ጊዜ ካርቦኑ ያነሰ ነው፣ ሲሞረድ የሚወጣው የካርባይድ አቧራም ሳንባ ይጎዳል። ካርባይዱን ፈጽሞ በግራይንደር አትንኩ።

ለኋላ የሚተዉ

የኩሽኔታ ቀለበት ወደ 1 በመቶ ካርቦንና 1.5 በመቶ ክሮሚየም ስላለው ድንቅ ስለት ይወጣዋል። ችግሩ 840 ዲግሪ አካባቢ ላይ ለደቂቃዎች ሳይዋዥቅ መቆየት አለበት፤ ይህ በከሰል እሳትና በዓይን ግምት አይሆንም። ክብ የሽቦ ሞላም ጥሩ ብረት ነው፣ ነገር ግን ያለ ቅጥቀጣ ቢላ አይሆንም። የትልልቅ የብረት መቁረጫ ማሽኖች መጋዝ ሙሉ በሙሉ ሀይ ስፒድ ስቲል ከሆነ ቤት ውስጥ ሊለሰልስም ሊጠነክርም አይችልም፣ ባለበት ጥንካሬ በግራይንደር ብቻ ይሠራል። እዚህ ላይ ጀርባውንና ጥርሱን ለየብቻ በብልጭታ ፈትኑ። ብልጭታቸው ከተለያየ ጠንካራው ጥርሱ ያለበት ቀጭን ጠርዝ ብቻ ነው፤ ጥርሱን ስትገፉ ስለት የሚሆነው ክፍል ያልቃል።

ዚንክ ወይም ክሮም የተቀባ ማንኛውም ብረት እሳት ውስጥ አይግባ። የዚንክ ጭስ ለሰዓታት የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳት ያመጣል።

እሳቱና ዘይቱ

ለማጠንከር ከወሰናችሁ ስለቱን መጨረሻ ድረስ አታሳሱት። ከ1 እስከ 1.5 ሚሊሜትር ውፍረት ተዉለት። ከዚህ ከሳሳ ዘይት ውስጥ ሲገባ እንደ ቅጠል ይጠማዘዛል ወይም ይሰነጠቃል።

ለአጭር ቢላ ከሰል፣ የብረት ቱቦና አየር የሚነፋ የጸጉር ማድረቂያ ይበቃል። የጋዝ እሳት ለመቆጣጠር ይቀላል፤ እሳት በሚችል ጡብ ውስጥ ቢታፈን አንድ ትንሽ የእጅ ጋዝ ማቃጠያ ለ10 ሴንቲሜትር ስለት ይደርሳል። ከሰል የበለጠ ይሞቃል፣ ስለዚህም የጀማሪን ስለት ጫፍ ቶሎ የሚያቃጥለው እሱ ነው። ምርጫ ካላችሁ ጋዝ ውሰዱ። በየትኛውም ቢሆን ሥራውን በደብዛዛ ብርሃን ሥሩ፤ ፀሐይ ላይ የብረት ቀለም ሁልጊዜ ከእውነተኛ ሙቀቱ ያነሰ ይመስላል፣ ሰውም ሳያውቀው ከመጠን በላይ ያግላል።

ከመንከር በፊት ሦስት ጊዜ ማግኔት እስከማይዘው አግሉና ነፋስ በሌለበት አየር ላይ እስኪጠቁር አቀዝቅዙ። ይህ የብረቱን ፍሬ ያደቅቃል፣ በመቆረጥና በመመታት የተጠራቀመውን ውጥረትም ያረግባል። ብዙ የተጣመመ ቢላ የሚመጣው ይህ ስለሚዘለል ነው።

ውኃ፣ የምግብ ዘይት ወይስ የተቃጠለ የሞተር ዘይት? ውኃ ፈጣን ስለሆነ ቀጭን ስለትን ይሰነጥቃል። የተቃጠለ ዘይት ነጻ ስለሆነ ይማርካል፣ ጭሱ ግን ሞተሩ ውስጥ ያለፉ ብረቶችንና ኬሚካሎችን ይዞ ይወጣል፤ አንመክረውም። የምግብ ዘይት ለሞረድም ለባሌስትራም ይሆናል። 4 ሊትር ያህል፣ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሞቆ፣ ጠባብና ረጅም የብረት ዕቃ ውስጥ ይሁን። የሞቀ ዘይት ከቀዝቃዛው ቀጥኖ ብረቱን ቶሎ ስለሚያቀዘቅዝ ነው የሚሞቀው። እንደገና ማግኔት እስከማይዘው የጋለው ቢላ ጫፉ ወደ ታች ሆኖ ቀጥ ብሎ ይግባ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ወይም በስለቱ አቅጣጫ ብቻ አንቀሳቅሱት። ወደ ጎን ካወዛወዛችሁት አንዱ ፊት ቀድሞ ይቀዘቅዝና ይጎብጣል። የሚገጥም የብረት ክዳን አጠገባችሁ ይኑር፣ በተቀጣጠለ ዘይት ላይ ውኃ በፍጹም አይፈስም።

ሲወጣ ሞረድ ስለቱ ላይ አስኪዱ። እንደ ብርጭቆ ከተንሸራተተ ጠንክሯል። ከነከሰው አልጠነከረም፤ ላዩ ላይ እሳት የበላው ስስ ንብርብር ሊሆን ስለሚችል ጥቂት ፈግፍጋችሁ ደግማችሁ ሞክሩ። ከጠነከረ በዚያው ሰዓት ወደ ኦቨን ይግባ። የሞረድ ብረት በ200 ዲግሪ፣ ባሌስትራ ከ200 እስከ 220፣ ሁለት ጊዜ ለሁለት ሁለት ሰዓት። ሳይለዝብ ያደረ ቢላ ከጠረጴዛ ቢወድቅ ሊሰበር ይችላል።

እጀታው

ከአሮጌ የቤት ዕቃ የሚገኝ ጠንካራ እንጨት ከሁሉም ይሻላል፣ ለዓመታት ደርቋልና አይሰነጠቅም። የዕቃ መጫኛ ጣውላ ከሆነ ማኅተሙን ተመልከቱ፤ «ኤችቲ» የሚለው በሙቀት የታከመ ነው፣ «ኤምቢ» የሚለው በመርዝ ጋዝ የታከመ ስለሆነ ይቅር። አረንጓዴ ቀለም ያለው የግቢ አጥር እንጨት በአርሴኒክ የታከመ ሊሆን ስለሚችል አቧራው አደገኛ ነው። ቀንድ ያምራል፣ እርጥበት ሲያገኝ ግን ቅርጹን ይለውጣል፣ ለወጥ ቤት ቢላ አይመችም። የውኃ ቱቦ ፕላስቲክ ማሞቅ መርዛማ ጋዝ ያወጣልና ይቅር። የጂንስ ጨርቅን ከ15 እስከ 20 ንብርብር በኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚደርቅ ኮላ) ነክሮ ጨምቆ ማድረቅ ደግሞ ውኃ የማይፈራ ጥሩ እጀታ ይሰጣል።

ኢፖክሲ ስትመርጡ በ5 ደቂቃ የሚደርቀውን ተዉት፣ 24 ሰዓት የሚወስደው ጠንካራ ነው። ብረቱንም እንጨቱንም በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ሸካራ አድርጉ፣ በአልኮል አጽዱ፣ ከመጠን በላይ አትጭመቁት፤ ኮላው ሁሉ ተጨምቆ ከወጣ የሚያያዝበት አይኖርም። እጀታውን በተልባ ዘይት ከቀባችሁ የተጠቀማችሁበትን ጨርቅ ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት። ተጨምቆ ከተጣለ በራሱ ይቀጣጠላል።

በሥራው ሁሉ መነጽርና የአቧራ ጭንብል አይቅሩ። በሚሽከረከር መሣሪያ አጠገብ ግን የጨርቅ ጓንት አታድርጉ፣ ይዞ ይጎትታል።

የመጨረሻው ፈተና

ቢላውን ከሳላችሁ በኋላ ስለቱን ለስላሳ ማዕዘን ሰጥታችሁ ሞርሳ ላይ በታሰረ የነሐስ ዘንግ ላይ ገፋ አድርጉ፤ ስለቱ በትንሹ ሲጎብጥ ይታያችኋል። ስትለቁት ተመልሶ ከቀና የማለዘቡ ሥራ ልክ ነው። ከተሸራረፈ ጠንክሮ ቀርቷልና በ15 ዲግሪ ጨምራችሁ ለ2 ሰዓት ኦቨን ውስጥ መልሱት። ጎብጦ ከቀረ ሁለት ምክንያት ይኖራል፦ ከግራይንደር ሙቀት የለሰለሰ ስስ ጠርዝ ከሆነ 1 ሚሊሜትር ያህል ገፍታችሁ ሳሉትና ደግማችሁ ፈትኑ፤ አሁንም ከጎበጠ ቢላው ከመጀመሪያው አልጠነከረምና ወደ እሳት ይመለሳል። የመጋዝ ቢላ በዚህ ፈተና ትንሽ ጎብጦ ቢቀር ግን አትደንግጡ፤ ከሞረድ ብረት የለዘበ ስለሆነ ስለቱን ስትስሉ ማዕዘኑን ትንሽ ሰፋ ብታደርጉለት ይይዛል።